ዝናብ የማያጠፋው የእናትሽ ፎቶ

ለልጄ ለቬሴላ፣

ይህች ደብዳቤ ስትደርስሽ እንዴት ሆነሽ ታገኝሽ ይሆን? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? በዚያ ባዕድ አገር ተቀጥረሽ የምትንከባከቢያት አሮጊት አሁንም አንሺኝ፣ አዙሪኝ ስትልሽ ትውላለች? የቀዶ ሕክምናው ስፌት አየሩ ሲለወጥ ይቆጠቁጠኛል ብለሽኝ ነበር፤ እሱስ ለቀቀሽ? ባልሽ ፕላመን አዲሱ ሥራ ተስማማው? ዳሪና ትምህርቷን፣ ትንሹ ኦግኒያን ደግሞ ጥርሱን እንዴት ይዘውታል? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። የጓዳውን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያቃስታል እንጂ ሐኪም የሚያስጠራ ነገር የለኝም። ዶሮዎቹ አሉ፣ ድመቷም አለች። ጤናዬን ከጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው። ስለ ሌላው ግን ደህና ነው ብዬ አልዋሽሽም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስምንት ወር ሙሉ በስልክ ስዋሽሽ ስለከረምኩ ነው።

በስልክ ፊትሽን ሳይ አፌ ከእኔ ይቀድማል። «ሁሉ ሰላም ነው፣ ጎረቤቶቹ ይጠይቁኛል፣ ቤቱ ይሞቃል» ይላል። ወረቀት ግን አያየኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርሽ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ብትቆጪኝም ከዚያ ወዲህ ትቆጪኛለሽ።

በእናትሽ አርባ ቀን የላክሁልሽን ፎቶ ታስታውሻለሽ። እንደ ቡልጋሪያችን ልማድ ስሟና ፎቶዋ የሰፈረበት የመርዶ ወረቀቷ በበራችን ላይ ተለጥፎ፣ ቀይ ሻሿን አስራ፣ በጓሮ የጠበሰችውን ቃሪያ እየላጠች ስትስቅ። አንቺው ራስሽ የዛሬ ሦስት ዓመት መጥተሽ በሞባይልሽ ያነሳሻት ናት። ፎቶው ሲደርስሽ ደውለሽ «አባዬ፣ ሳቋ እንኳ አልቀረም» ብለሽ አለቀስሽ። እኔም «አዎ፣ ያው እሷ ናት» አልኩሽ። ያን ስልሽ፣ ልጄ፣ ወረቀቱ በሩ ላይ አልነበረም። እጄ ውስጥ ተጨማዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለቀብሯ ዕለት የለጠፍነውን ሎም ከተማ ያለው የቀብር አስፈጻሚ ቢሮ ነበር ያተመልን፤ ፎቶዋን ከመታወቂያዋ ላይ ወስደው፣ በጥቁርና ነጭ፣ ግብር ሳትከፍል የተያዘች ሴት አስመስለው። አንቺ ኦግኒያንን ከወለድሽ ሦስት ቀንሽ ነበር፤ ሆድሽ ተሰፍቶ ሆስፒታል ተኝተሽ መነሳት እንኳ አትችይም። «መቅበር አልቻልኩም፤ ለአርባዋ ግን ያቺን የምትስቅበትን አድርግልኝ» አልሽኝ። ከዚያ ሌላ ምንም አልጠየቅሽኝም። ለእኔም ነገሩ ቀላል መሰለኝ።

ሎም ሄድኩ። የሰርግሽን ፎቶ ያነሳው ፎቶ ቤት ተዘግቷል፤ ሰውየው ወደ ልጁ ዘንድ ቡርጋስ ገብቷል አሉኝ። የቀብር ቢሮው ደግሞ «እኛ በቀለም አናትምም» አለ። ስመለስ ጎረቤታችን ስፓስ አጥሩ ላይ ተደግፎ «ምን አንከራተተህ? ልጄ ወደ እንግሊዝ ሲሄድ ትቶት የሄደ ፕሪንተር ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል» አለኝ። ስልኬን ይዤለት ሄድኩ። ሲያትማት ከስልኩ ላይ ይልቅ ወረቀቱ ላይ አማረች። በደንቡ መሠረት ስሟንና ዕድሜዋን ከሥር ጽፌ አንዱን በበራችን፣ ሌላውን አውቶቡስ ማቆሚያው ዘንድ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ ለጠፍኩ። በሩን አንስቼ ላክሁልሽ፤ ከዚያ ከቄሱ ጋር ወደ መቃብር ሄድን።

መቃብር ላይ ሳለን ዝናብ ጀመረ። ብዙም አልነበረም፤ የማርች ካፊያ ነው። ሴቶቹ ንፍሮውን በነጠላ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት የነበሩት በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ማንም አይገባም። ገፋ አድርጌ አየሁ። የሻሿ ቀይ ቀለም ወደ ግንባሯ፣ ከግንባሯ ወደ አፏ ወርዷል። ዓይኖቿ ጉንጮቿ ላይ ፈስሰዋል። ሳቋ የነበረበት ቦታ እርጥብ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ራይና አማተበችና ቀስ ብላ «ናይደኔ፣ አንሳት። ሁለተኛ እየሞተች ነው» አለችኝ።

ነቀልኩት። አንቺ «ሳቋ እንኳ አልቀረም» ስትዪኝ እሱን ነበር የያዝኩት። ስልኩን ዘግቼ እጄን ልታጠብ ገባሁ፤ ከመዳፌ ቀይና ሰማያዊ ውሃ ወረደ። ቧንቧውን ዘጋሁትና እጄን በፎጣ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። ሞኝነት ነው፤ አውቃለሁ። ግን እሷን ወደ ቆሻሻ ውሃ ማፍሰሻ ልልካት አልቻልኩም። ስፓስም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ያ ቀለም ውሃ መሆኑን አላወቅኩም» አለ። «አንተ ምን ታደርግ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ዓይኔን እየሸሸ ከረመ።

መንፈቋ የሚውለው በኦገስት ነው። እስከዚያ የራሴን ማተሚያ ልገዛ ወሰንኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የኅብረት እርሻውን ትራክተሮች የጠገነ ሰው አንዲት የጫማ ሣጥን የምታክል ማሽን መምረጥ ያቅተዋል ብዬ አላሰብኩም። ተሳሳትኩ። ትራክተር ሲበላሽ ያሽካካል፣ ያጨሳል፣ የታመመበትን ቦታ ይነግርሻል። እነዚህ ግን ፊታቸው ሁሉ አንድ ነው፤ ነጭ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ፣ ትንሽ መብራት፣ ዝም።

መጀመሪያ የሄድኩት ቅዳሜ ገበያ ነው። አንድ ሰውዬ ያገለገሉ ዕቃዎች ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ስፓስ «ትልቅ ይሻላል፤ ትልቅ ነገር ቶሎ አይሞትም» አለኝ። ሰውዬው አንዱን ትልቁን ሰክቶ የአበባ ፎቶ አወጣልኝ፤ ቀይ አበባ፣ ልትቀጥፊው የሚያሰኝ። ከፈልኩ፤ በጋሪ ጎትተን አውቶቡስ ላይ ጫንነው። ቤት ስናደርሰው ወረቀት ሰጠሁት፤ እናትሽ ከግንባሯ እስከ አገጯ አረንጓዴ ሰንበር ተጋድሞባት ወጣች። ከእስር ቤት ፍርግርግ ጀርባ የቆመች ነው የምትመስል።

ፈታሁት። ምን ላድርግ፣ ልማዴ ነው። ቀለሙ የሚወጣበት ስፍራ ላይ ቀዳዳዎቹ ከፀጉር ይቀጥናሉ፤ ሁሉም ደርቀው ተደፍነዋል። ሻጩ ለዚያች አንዲት አበባ የሚበቃ ብቻ አጥቦ ከፍቷቸው ኖሯል። የእናትሽ የኢንሱሊን መርፌዎች መሳቢያው ውስጥ አሉ፤ መጣል አልሆነልኝም ነበር። በእነሱ ለብ ያለ ውሃና አልኮል እየወጋሁ ሦስት ቀን ታገልኩ። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ፊቷ ጥሩ ሆኖ ወጣ፤ ግማሹ አልመጣም። አዲስ ቀለም ልግዛለት ብዬ ብጠይቅ ቀለሙ ከራሱ ከማሽኑ ይበልጣል። በሳምንቱ ሰውዬውን ፍለጋ ብሄድ በቦታው ላይ ሌላ ሰው ካልሲ ይሸጣል። ስፓስ ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ለዶሮዎቹ መተኛ ይሆናል እኮ» ሲለኝ መሳቅ ፈልጌ ነበር። አልመጣልኝም።

ከዚያ ጁላይ መግቢያ ላይ ሎም ካለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያው ሙሉ ነው። ስሟ ኢቬታ የሚባል፣ ካንቺ በጣም የምታንስ ልጅ መጣችና «አባባ፣ ምን ልርዳዎት?» አለችኝ።

«የማይበላሽና የማያደኸይ ፕሪንተር» አልኳት።

ሳቀች። «እሱን ካገኙ ለእኔም አንድ ይግዙልኝ። ለመሆኑ በወር ስንት ያትማሉ?»

«በወር አላትምም። በዓመት ሁለቴ፣ ሦስቴ።»

«በዓመት? ምንድን ነው የሚያትሙት?»

«ሚስቴን» አልኳት።

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። ይቅርታ አላለችኝም፣ አላዘነችልኝም፤ ለዚህ ወደድኳት። እጇን አንስታ ያንን ሁሉ መደርደሪያ እንደ መጋረጃ ወደ ጎን ገለል ያደረገችው ያህል «እንግዲያው እነዚህን ይተዋቸው» አለችኝ። «እነዚህ ርካሾቹ ሣጥኑን በነጻ ያህል ሰጥተው በቀለሙ የሚበሉ ናቸው። እነዚህ በጠርሙስ ቀለም የሚሞሉት ደግሞ ለሚያትም ሰው ጥሩ ናቸው፤ ቀለማቸው አያልቅም። እርስዎ ግን መንፈቅ ሙሉ ዝም ካሏቸው ይደርቃሉ። ያስቀየሙት ሰው ይመስል ሲመለሱ አያናግሩዎትም።» ከታች ጎንበስ ብላ አንዲት ትንሽ አወጣች፤ የዳቦ ግማሽ የምታክል። «ይቺ የሚፈስ ቀለም የላትም። ቀለሟ በስስ ፕላስቲክ ጥቅል ላይ ነው፤ በሙቀት ነው ወረቀቱ ላይ የምታሳርፈው። ዓመት ቢያስቀምጧት አትደርቅም። ጥቅሉና ወረቀቱ አብረው ይሸጣሉ፣ አብረው ያልቃሉ፤ ስለዚህ አንዱ ፎቶ ስንት እንደሚያወጣብዎት አስቀድመው ያውቃሉ። ጉድለቷ ትንሽነቷ ነው፤ ከፖስት ካርድ የሚበልጥ አታወጣም፤ ጽሑፍም አይሆንላትም።»

«ዝናብስ?» አልኳት። ከመጣሁ ጀምሮ በጉሮሮዬ የያዝኩት ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር።

ግድግዳው ላይ ለናሙና ከተሰቀሉት አንዱን፣ ጥርሷ የወለቀ የትንሽ ልጅ ፎቶ፣ አወረደችና ወደ ጓዳ ጠራችኝ። እዚያ ሳህን የሚያጥቡበት ቧንቧ አለ። ከፈተችውና ፎቶውን ከሥሩ ያዘችው። ውሃው በልጅቷ ፊት ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ልጅቷ ትስቃለች። ኢቬታ በቀሚሷ እጅጌ ጠረገችና ሰጠችኝ። ደረቅ ነው። ምንም አልሆነም። አለቀስኩ አልልሽም፤ ግን ወንበር አመጣችልኝ።

ለክረምት እንጨት ካስቀመጥኩት ላይ ነው የከፈልኩት። ያው ከገበያው ማሽን ጋር ሲደመር ግማሹን እንጨት በላብኝ። ቤቱ ይሞቃል ስልሽ የከረምኩት ይኸኛው ውሸት ነው፤ ዘንድሮ የሚሞቀው ወጥ ቤቱ ብቻ ነው፤ አልጋዬንም ወደዚያ አውርጄዋለሁ። ገንዘብ እንዳትልኪ። ብትልኪ እመልሰዋለሁ፤ ታውቂኛለሽ።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያተምኩት እናትሽን ነው። ይቺ ማሽን ወረቀቱን አራት ጊዜ ትውጠዋለች፣ አራት ጊዜ ትተፋዋለች። መጀመሪያ ቢጫውን ብቻ ቀብታ አወጣችው። እናትሽ እንደ ሰም ቢጫ ሆና መጣች፤ በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ሳያት እንደነበረችው። ተበላሸ ብዬ ልነቅለው እጄን ስዘረጋ ማሽኗ መልሳ ሳበችው። ሲመለስ ቀዩን ይዞ ነበር፤ ጉንጯና ሻሿ ደም ገባቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ሰማያዊው ታከለ፤ ዓይኗ ዓይን ሆነ፣ ፀጉሯ ጠቆረ፣ ከኋላዋ ያለው የወይን ቅጠል ለመለመ። በመጨረሻ የማይታይ ነገር ለበሰች፤ ውሃ የማያስገባው እሱ ነው አሉ። ሞቷን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስትመልሰው ያየሁ መሰለኝ።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ኢቬታ አልነገረችኝም። ወረቀቷ ስትወጣ ሞቅ ትላለች። የሰው እጅ ያህል። እስክትቀዘቅዝ ድረስ ይዣት ቆምኩ። ብዙ አልቆየችም።

የመንፈቋ ዕለት ጽሑፉን በእጄ ጽፌ፣ ፎቶዋን ከላይ አጣብቄ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከሰዓት ነጎድጓድ መጣ፤ ኃይለኛ ዝናብ ነበር፣ ግቢውን ሁሉ ጎርፍ ወሰደው። ኮቴን ራሴ ላይ አድርጌ በሩ ፊት ቆሜ አየኋት። ጠብታው ይወርዳል፣ እሷ ትስቃለች። «ይኸው ቬሴላ» አልኩ፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ። ንፍሮውን ግን የቀመሱት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ስፓስ፣ እትዬ ራይናና ቄሱ። በአርባዋ ከመጡት ሴቶች ሁለቱን ልጆቻቸው ወደ ሶፊያ ወስደዋቸዋል፣ ዮርዳንካ እግሯ ተሰብሮ ቪዲን ሆስፒታል ናት፣ ሌሎቹም ለመምጣት ጉልበቱ የላቸውም። ትልቅ ድስት ሙሉ ስንዴ ቀቅዬ ነበር። ለዶሮዎቹ ሰጠሁት፤ ይህንንም አልነገርኩሽም።

ዝናቡን አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ አንድ ጠዋት ወተት ልቀበል ስወጣ አየኋት። ሻሿ ቀይነቱን ጥሎ የደረቀ ጡብ መስሏል። በሳምንቱ ሮዝ ሆነ፤ ከዚያ ፊቷ ሁሉ ገረጣ፣ ከሩቅ ሲያዩት ባዶ ካርድ ነው። ጥላ የሌለው በር ነውና ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ትመታዋለች። ለኢቬታ ደወልኩ። «አባባ፣ ውሃውን እንጂ ፀሐይዋን አላልኩዎትም» አለችኝ፤ ድምጿ ያዘነ ነበር። «ፀሐይን የሚችል የቤት ማሽን የለኝም። ቤት ውስጥ፣ ከመስኮት ራቅ አድርገው ይስቀሏት፤ እዚያ ከእርስዎ በላይ ትኖራለች።» አዲስ አትሜ ለጠፍኩ። ያም ነጣ። እንደገና አተምኩ። ጥቅሉ እየሳሳ ሲሄድ፣ በዚያ መንገድ ማን አልፎ እንደሚያያት ራሴን ጠየቅሁ። አውቶቡሱ አሁን ረቡዕ ብቻ ነው የሚመጣው። ፖስተኛዋ መኪናዋን አታቆምም። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ አልለጠፍኩም፤ የቀረችው ወጥ ቤት ውስጥ ከአልጋዬ በላይ ናት።

ስለ እትዬ ራይና ልንገርሽ፤ መሞቷን በስልክ የነገርኩሽ በአንድ ቃል ነበርና። ከመንፈቁ በኋላ አንድ እሑድ መጣች። ፀጉሯን ታጥባ፣ የምራቷን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ። «ናይደኔ፣ እኔንም አንሳኝ» አለችኝ። «ልጆቼ ለመርዶዬ ፎቶ ቢፈልጉ የሚያገኙት የሠላሳ ዓመቱን ነው። መንገደኛው አይቶ ይህች ቆንጆ ምን ነክቷት ተቀጨች እንዲል አልፈልግም።» ከወይኑ ሥር አስቀመጥኳት። ፈገግ በይ ብላት «ጥርስ ሳይኖረኝ? እንደው እንደተኮሳተርኩ ይሁን፤ ልጆቼም የሚያውቁኝ እንዲህ ነው» አለች። ግን ካሜራውን ሳነሳ ድመቷ እግሯ ሥር ገባችና ወደ ታች አይታ ሳቀች፤ ያን ጊዜ ነው ያነሳኋት። አትሜ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ አየችውና «እንዲህ ነኝ እንዴ? ደግ ሴትዮ እመስላለሁ» አለች። መስታወቷ ጀርባ እሰካዋለሁ ብላ ይዛው ሄደች።

በአራተኛው ሳምንት ዶሮዎቿ ከረፋድ በኋላም ሳይለቀቁ ሲጮሁ ስፓስ ገብቶ አገኛት። ታናሹ ልጇ ከጀርመን በረረ፤ ሁለት ቀን ቆየ። ፎቶውን ከመስታወቱ ጀርባ አውጥቼ ስሰጠው ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ አየው። «እማዬ ስትስቅ አላውቅም። ማነው እንዲህ ያሳቃት?» አለኝ። ድመት ናት ልለው አፈርኩ። ቤቱን ቆልፎ፣ ቁልፉን ለእኔ ሰጥቶ ሄደ። አሁን የአሥራ አንድ ቤት ቁልፍ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አለ።

የመርዶ ወረቀቷን ለመለጠፍ ስፓስ መሰላሉን ያዘልኝ። አውቶቡስ ማቆሚያው ያለውን ዛፍ ታውቂዋለሽ፤ ግንዱ እስከ ቁመቴ ድረስ በወረቀት በወረቀት ላይ ተለብጧል። አንዱ ሲቀደድ ከሥሩ የሌላው ግንባር ይታያል። ቦታ ፈልጌ በምስማር ስመታው ስፓስ «ለማን ነው የምትለጥፈው?» አለኝ።

«ሰው እንዲያነብ።»

«ሰው እኔና አንተ ነን። እኔ ሞታ አግኝቻታለሁ፣ አንተ ሣጥኗን ተሸክመሃል። እንንገራቸው ካልክ ዛፉ ላይ ያሉት ይበዛሉ፤ እነሱ ደግሞ አግኝተዋታል።»

መዶሻውን ልወረውርበት ነበር። ከዚያ ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። ወረድኩና ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ረቡዕ አልነበረም፤ የሚመጣ አውቶቡስ አልነበረም። ስፓስ «እንግዲህ እኔንም አንሳኝ» አለ። «ባርኔጣዬን አድርጌ። ራሰ በራነቴን ልጄ ገና አላየውም።» አነሳሁት። ኮሌታውን አስተካከለ፣ አፉን ገጠመ፣ ዓይኑን ወደ መንገዱ አደረገ። ስጨርስ ስልኩን ከእጄ ወሰደና «አሁን አንተ ቁም። አንተን ማን ያነሳሃል ታዲያ?» አለኝ።

ቆምኩለት። ጣቱ እየገባበት ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ማታውኑ ሁለታችንንም አተምኩ። የስፓስን ስሰጠው ኪሱ ከተተው። እኔ ገና ቢጫ ሆኜ ስወጣ ፊቴን አዞርኩ፤ የእናትሽን እንዳየሁት ሆኜ ራሴን ማየት አልቻልኩም። ሲያልቅ አነሳሁት። አባቴን መስያለሁ፤ ከአባቴም በላይ ደክሞኛል። ከሥሩ ስሜን ጽፌአለሁ፣ የተወለድኩበትንም። ሌላው ቀን ክፍት ነው። ሳህኖቹ ካሉበት መሳቢያ፣ ከእናትሽ መርፌዎች ጋር ታገኚዋለሽ። አዝኜ ያደረግሁት ነገር እንዳይመስልሽ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ለሌላ ሰው ጥሎ መሄድ አልወድም፤ ሌላ ሰው ደግሞ የለም።

ጥቅሉ ላይ ጥቂት ወረቀት ቀርቶ ነበር። በአንዱ ኦግኒያንን አተምኩ፤ መታጠቢያው ውስጥ ተቀምጦ የተነሳውን። ወደ እናትሽ መቃብር ወስጄ ከድንጋዩ ሥር፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግ አስቀመጥኩላት። ስሙን ነገርኳት። የተወለደው እሷ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት ነው፤ ራሷን ስታ ሳለች ሐኪሞቹ ለምርመራ ዓይኗን ሲከፍቱ ስልኩን አሳየኋት፣ ግን አይታው ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። አይታዋለች ያልኩሽ እኔ ነኝ። በመጨረሻው ወረቀት እንደገና እሷን አትሜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ብታለቅሺበትም ምንም አይሆንም፤ ጥረጊው።

ና ትለኛለሽ፤ አውቃለሁ። ስፓስን ብቻውን ትቼ አልመጣም። እኔ ሄጄ እሱ አንድ ጠዋት ዶሮዎቹን ሳይለቅ ቢውል ማን ይሰማል? እሱም ልጁ ሲጠራው ስለ እኔ እንዲሁ ብሎ እምቢ ማለቱን በሚስጥር አውቄበታለሁ። አንዳችን ሌላውን እየጠበቅን ነው። ስለዚህ ይህን ብቻ ያዢልኝ። እሑድ እሑድ ስትደውዪ ካላነሳሁ፣ ዶሮ ቤት ወይም ጓሮ ነኝ፤ ማታ ሞክሪ። ማታም ካላነሳሁ ለስፓስ ደውዪ፤ ቁልፍ አለው። እሱም ካላነሳ ግን፣ ልጄ፣ ከዚያ ወዲያ ለማንም አትደውዪ። ተነሽና ነይ።

ለፕላመን የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ጀርባውን ይጠብቅ። ዳሪናን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ በቡልጋርኛ የጻፈችልኝ ሁለት መስመር በትራሴ ሥር ነው፣ ስህተቱንም ወድጄዋለሁ። ኦግኒያንን ሁለቱን እግሮቹን ሳሚልኝ፤ እስካሁን በወረቀት ካልሆነ አልነካሁትም። ለዚያች ለምትንከባከቢያት አሮጊትም ሰላም በዪልኝ፤ ካንቺ ሌላ ሰው ከሌላት ታገሺያት። ስፓስ አጥሩ ላይ ሆኖ «እኔንም ጻፍ» ይላል፤ ይኸው ጻፍኩት፣ እሱም ሰላም ይልሻል።

አባትሽ ናይደን
ስታራ ቼሽማ፣ ሎም አጠገብ
ኖቬምበር 9 ቀን 2023